ባለ 8 ኢንች ፍሎፒ ድራይቭን ከ50 ኸርዝ ጋር ያስታረቀው የቃሊቲ ቶርኖ ቤት

ኮረንቲው 60 ኸርዝ ከሆነባት ከአሜሪካ የመጣው አሮጌ ፍሎፒ ድራይቭ (የድሮ ኮምፒውተር ዲስክ ማንበቢያ) ሞተሩ ፍጥነቱን የሚወስደው ከኮረንቲው ድግግሞሽ በመሆኑ፣ ትራንስፎርመር 220 ቮልቱን ቢያወርድለትም የእኛን 50 ኸርዝ ወደ 60 አይለውጥለትም፤ ስለዚህ በደቂቃ 360 ጊዜ መዞር የሚገባው ዲስክ 300 ላይ ይቀርና መረጃው አይነበብም። የቶርኖ ባለሙያው ችግሩን በጥሞና ካዳመጠ በኋላ በሞተሩ ዘንግ ላይ ያለውን ፑሊ (በቺንጋ አማካኝነት ዲስኩን የሚያዞረውን መንኮራኩር) በካሊፐር ለክቶ፣ ዲያሜትሩ በ20 በመቶ የሚበልጥ ሌላ ፑሊ ከአሉሚኒየም አወጣልኝ። ጠርዙ በጣት ሲዳሰስ አንዳች ሻካራነት የለውም፤ ቺንጋውም መሃሉን ይዞ ይዞራል እንጂ ወደ ጎን አይሸሽም፤ እንዲህ ያለ ጥንቃቄ በእውነት የሚደነቅ ነው። ዋጋውም ተመጣጣኝ ነው። ረዘም ያለ ቺንጋ ግን እዚያ ስለማይገኝ አስቀድሞ መፈለግ ያስፈልጋል፤ ሞተሩም በ50 ኸርዝ ይበልጥ ስለሚሞቅ አየር የሚያገኝበት ቦታ ቢቀመጥ ይመረጣል።