ግሎባል ሶላር አትላስ በመተሐራ ሜዳ ላይ፦ ለንግድ የፀሐይ ኃይል ማመንጫ ዕቅድ ምን ያህል ያገለግላል?

ለሽያጭ የሚሆን የፀሐይ ኃይል ማመንጫ ለመገንባት ያሰበ አልሚ ወይም አማካሪ በዛሬው ጊዜ መጀመሪያ የሚከፍተው ድረ ገጽ አብዛኛውን ጊዜ ግሎባል ሶላር አትላስ ነው። የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2017 ለሕዝብ ክፍት ያደረገው ይህ የፀሐይ ኃይል ካርታ አገልግሎት መረጃውን የሚያገኘው ሶላርጊስ ከተባለው የስሎቫኪያ ኩባንያ ነው። ክፍያ አይጠይቅም፤ የኢትዮጵያንም ካርታዎች ማንም ሰው አውርዶ ሊጠቀምባቸው ይችላል። ከተመሳሳይ ነጻ መሣሪያዎች ጋር እያነጻጸርኩ ስጠቀምበት ቆይቻለሁ፤ ቦታን ለመምረጥና አንዱን ሥፍራ ከሌላው ለማወዳደር ከዚህ የሚሻል ነጻ መሣሪያ አላገኘሁም። ይሁን እንጂ ከእሱ የወጣውን አኃዝ እንዳለ ወደ ብድር ማመልከቻ የሚያስገባ ሰው ገንዘቡንና የሌሎችንም ገንዘብ ለአደጋ ያጋልጣል ብዬ አምናለሁ። ይህንን ግምገማ የምጽፈውም የመጀመሪያው ጥቅሙ ሳይጎድል ሁለተኛው አደጋ እንዲታወቅ ነው።

ነገሩን በአንድ ቦታ ላይ ማየት ይሻላል። ከአዲስ አበባ ወደ ድሬዳዋ በሚወስደው መንገድ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘውን የመተሐራን አካባቢ እንውሰድ። በካርታው ላይ አንድ ነጥብ ሲመረጥ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ በአግድም መሬት ላይ የሚያርፈው የዓመቱ ጨረር፣ በቀጥታ ከፀሐይ የሚመጣው ጨረር፣ የአየሩ ሙቀት፣ የቦታው ከፍታ፣ ሰሌዳዎቹ ሊዘነበሉበት የሚገባው ማዕዘን እንዲሁም በአንድ ኪሎዋት ፒክ (የሰሌዳ ከፍተኛ አቅም መለኪያ) የሚገኘው የኃይል መጠን በጎን በኩል ይዘረዘራሉ። በዙሪያው ያሉት ተራሮች ጠዋትና ማታ የሚጥሉት ጥላም በስሌቱ ውስጥ ገብቷል፤ የፀሐይዋ መንገድ ከአድማሱ ጋር በአንድ ሥዕል ላይ ይታያል። በአቅራቢያ ያለ ዛፍ ወይም ሕንፃ ግን አይታይም፤ ሜዳ ላይ ለሚሠራ ትልቅ ማመንጫ ይህ ብዙም አያስጨንቅም።

ከሁሉ ይበልጥ የሚጠቅመው ክፍል፣ ብዙ ሰዎች ሳያዩት የሚያልፉት፣ ወራቱንና የቀኑን ሰዓታት አጣምሮ የሚያሳየው ሠንጠረዥ ነው። በእያንዳንዱ ወር በእያንዳንዱ ሰዓት በአማካይ ምን ያህል ኃይል እንደሚመነጭ ይነግራል። የአገራችንን ደጋማና ወይና ደጋ ቦታዎች በዚህ ሠንጠረዥ ስንመለከት ሐምሌና ነሐሴ በደመና ምክንያት ዝቅ ይላሉ፤ ከጥቅምት እስከ የካቲት ያሉት ደረቅ ወራት ደግሞ ከፍ ይላሉ። ይህ ለኢትዮጵያ ትልቅ ትርጉም አለው፤ ምክንያቱም የኤሌክትሪክ ኃይላችን አብዛኛው ከውኃ የሚገኝ በመሆኑ ግድቦች የሚሞሉት በክረምት ሲሆን ውኃቸው እየቀነሰ የሚሄደው ፀሐይዋ በምትበረታበት በበጋ ነው። ስለዚህ የፀሐይ ማመንጫ የሚሰጠው ኃይል በቀን ብርሃን ውኃን በግድብ ውስጥ ለማቆየት ያስችላል፤ ኃይል ገዢውን ለማሳመን ከዓመታዊው ድምር ይልቅ ይህ የወራት ሥርጭት የበለጠ ክብደት ሊኖረው ይገባል። የሙቀቱም ጉዳይ እንዲሁ ነው። የሲሊከን ሰሌዳ ከ25 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ለሚጨምረው ለእያንዳንዱ ዲግሪ ከአቅሙ 0.3 እስከ 0.4 በመቶ ያህል ያጣል፤ በመሆኑም በአፋር ቆላ ያለው ብርቱ ፀሐይ በሙቀቱ ምክንያት ከጥቅሙ የተወሰነውን ይመልሳል፤ ጨረሩ ትንሽ አነስ የሚልበት ቀዝቃዛ ደጋ ደግሞ ከሚታሰበው በላይ ይሰጣል። አትላሱ ይህንን አስልቶ ስለሚያቀርበው ጨረርን ብቻ አይቶ ቦታ ከመምረጥ ስህተት ያድናል።

አቅም የሚሞላበት ሣጥን ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አትላሱ የሚጠይቀው የሰሌዳዎቹን አቅም፣ ማለትም በቀጥተኛ ጅረት የሚለካውን ኪሎዋት ፒክ ነው። በኃይል ግዢ ስምምነት ላይ የሚጻፈው ሜጋዋት ግን አብዛኛውን ጊዜ ከኢንቨርተር፣ ማለትም ቀጥተኛውን ጅረት ወደ ተለዋጭ ከሚቀይረው መሣሪያ፣ በኋላ በተለዋጭ ጅረት የሚለካው ነው። አልሚዎች ከኢንቨርተሩ አቅም በ20 ወይም በ30 በመቶ የሚበልጡ ሰሌዳዎችን መትከላቸው የተለመደ ስለሆነ 100 ሜጋዋት የሚለው ውል 125 ሜጋዋት ፒክ ሰሌዳ ሊይዝ ይችላል። የውሉን ቁጥር እንዳለ በሣጥኑ ውስጥ የሚጽፍ ሰው የዓመቱን ምርት በአንድ አምስተኛ ሊያሳንስ ይችላል፤ ሙሉውን 125 የሚጽፍ ሰው ደግሞ በእኩለ ቀን ኢንቨርተሩ ከአቅሙ በላይ ስለማያሳልፍ የሚቀረውን ኃይል ሳይቀንስ ያልፋል። መሣሪያው ይህንን የሚጠይቅበት ቦታ የለውም።

ሌላው ጉድለት ፀሐይን እየተከተሉ የሚዞሩ ድጋፎችን አለማስላቱ ነው። ዛሬ በዓለም ላይ ከሚገነቡት ትላልቅ ማመንጫዎች ብዙዎቹ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ በሚዞር ዘንግ ላይ የተሠሩ ሲሆኑ፣ ለምድር ወገብ ቅርብ በሆነ አገር ደግሞ ጥቅማቸው ጎልቶ ይታያል። እዚህ ላይ የአውሮፓ ኮሚሽን የጋራ ምርምር ማዕከል በነጻ የሚያቀርበው ፒቪጂአይኤስ የተባለው የፀሐይ ኃይል ማስያ ይበልጣል፤ በፒቪጂአይኤስ ውስጥ ያዘነበለውን ዘንግ መርጦ ዝንባሌውን ዜሮ ማድረግ አግድም የሆነውን የሚዞር ድጋፍ ለመገመት ይበቃል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። የአትላሱ የኃይል ካርታ የተሠራው በአቧራና በቆሻሻ 3.5 በመቶ፣ በኢንቨርተር፣ በገመድ፣ በትራንስፎርመርና በረድፎች መካከል በሚፈጠር ጥላ ደግሞ 7.5 በመቶ ይጠፋል በሚል ግምት ነው፤ ማመንጫው ዓመቱን ሙሉ ያለማቋረጥ እንደሚሠራም ይታሰባል። እነዚህ ግምቶች ለዓለም አቀፍ ንጽጽር ተገቢ ናቸው፤ ለአንድ የተወሰነ ሜዳ ግን ሊሆኑ አይችሉም።

መተሐራን እንደገና እንመልከት። በአቅራቢያው ሰፊ የሸንኮራ አገዳ እርሻ አለ፤ አገዳው ከመቆረጡ በፊት ይቃጠላል፤ ጥላሸቱም በነፋስ ይሄዳል። ቆረጣው የሚካሄደው በደረቁ ወራት ሲሆን እነዚያው ወራት ፀሐይዋ የምትበረታባቸውና ሰሌዳውን የሚያጥብ ዝናብ የማይጥልባቸው ናቸው። ስለዚህ ብክለቱ በዓመቱ ላይ እኩል አይከፋፈልም፤ ምርቱ ከፍ በሚልበት ጊዜ ይደራረባል። ጥላሸት ደግሞ እንደ ደረቅ አቧራ በቀላሉ አይራገፍም፤ ከጠዋት ጤዛ ጋር ከሰሌዳው መስታወት ላይ ተጣብቆ በተለይ በታችኛው ጠርዝ ላይ ጥቁር መስመር ይሠራል፤ ያ ጠባብ መስመር አንድ ረድፍ ሴሎችን ሲሸፍን የሚጠፋው ኃይል ከሸፈነው ስፋት በላይ ይሆናል። ሰሌዳውን ለማጠብ ውኃና ሠራተኛ ያስፈልጋል፤ ውኃውም ጨዋማ ከሆነ ሌላ ችግር ያመጣል። ይህ ሁሉ በ3.5 በመቶ ውስጥ ይካተታል ብሎ ማመን ይከብዳል።

ማመንጫው ያለማቋረጥ ይሠራል የሚለው ግምት ደግሞ ከሁሉ የከፋው ነው። ማስተላለፊያ መስመሩ በተቋረጠ ቁጥር ኢንቨርተሮቹ ይቆማሉ፤ ፀሐይ እያበራች ምንም አይሸጥም። በዓመቱ ውስጥ ካለው የምርት ሰዓት 5 በመቶው በመስመር መቋረጥ ቢጠፋ፣ ለምሳሌ በዓመት 170 ጊጋዋት ሰዓት ከሚያመርት ማመንጫ 8.5 ጊጋዋት ሰዓት ይጠፋል ማለት ነው። በውሉ ላይ መስመሩ በገዢው በኩል ሲቋረጥ ኃይሉ እንደመነጨ ተቆጥሮ ይከፈላል የሚል አንቀጽ ከሌለ ኪሳራው በአልሚው ላይ ይወድቃል። አማካሪ ነን የሚሉ አንዳንድ ድርጅቶች የአትላሱን ባለ ጥቂት ገጽ ሪፖርት ሽፋኑን ብቻ ቀይረው የአዋጭነት ጥናት ብለው ሲያስረክቡ አይቻለሁ፤ የመቋረጥ ግምት የሚል ዓረፍተ ነገር እንኳን አልነበረበትም።

የባንክ ሰዎች የሚጠይቁት ሌላ ነገር አለ። አትላሱ የሚሰጠው የብዙ ዓመታት አማካይ ነው፤ ይህም ምርቱ ከዚያ በላይ የመሆኑና ከዚያ በታች የመሆኑ ዕድል እኩል እንደሆነ ይነግራል። አበዳሪ ግን ከአሥር ዓመት በዘጠኙ የሚገኘውን፣ ባለሙያዎቹ ፒ90 የሚሉትን ዝቅተኛ መጠን ይፈልጋል። ስሌቱ ከባድ አይደለም። በአንድ ኪሎዋት ፒክ በዓመት 1,700 ኪሎዋት ሰዓት ይገኛል ብለን ብንነሳ 100 ሜጋዋት ፒክ 170 ጊጋዋት ሰዓት ይሰጣል። በጨረሩ፣ በአየሩ ልዩነትና በኪሳራዎቹ ግምት ላይ ያለው አጠቃላይ እርግጠኛ አለመሆን 8 በመቶ ከሆነ ፒ90 ወደ 153 ጊጋዋት ሰዓት ይወርዳል። ልዩነቱ ወደ 17 ጊጋዋት ሰዓት ነው። ይህ በገንዘብ ምን ማለት እንደሆነ ለማየት እ.ኤ.አ. በ2019 በሶማሌ ክልል ለጋድ እና በአፋር ክልል ለዲቼቶ ማመንጫዎች፣ እያንዳንዳቸው 125 ሜጋዋት፣ በተካሄደው ጨረታ አኳ ፓወር ያሸነፈበትን ዋጋ ብንወስድ በኪሎዋት ሰዓት 2.526 የአሜሪካ ሳንቲም ነበር። በዚህ ዋጋ ልዩነቱ በዓመት ወደ 440 ሺህ ዶላር ይደርሳል። ዋጋው እንዲህ በቀጠነበት ገበያ ላይ ጥቂት በመቶ የዕዳ ክፍያን ከመቻልና ካለመቻል ጋር የተያያዘ ነው።

ፒቪጂአይኤስ እዚህም ላይ ያግዛል፤ ምርቱ ከዓመት ዓመት የሚለዋወጥበትን መጠን ያሳያል፤ በየሰዓቱ የተመዘገበውን የብዙ ዓመታት መረጃም ያስወርዳል። በአንጻሩ የመረጃ ነጥቦቹ ስፋት ወደ 5 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ስለሆነ ተራራና ገደል በበዛበት አካባቢ ከአትላሱ የረቀቀ አይደለም። ሁለቱን በአንድ ቦታ ላይ ማነጻጸርን አጥብቄ እመክራለሁ፤ አኃዞቻቸው ከተራራቁ በአካባቢው ላይ ያለው የሳተላይት መረጃ ደካማ ነው ማለት ነው፤ የምድር ላይ መለኪያ ለመትከል ገንዘብ መመደብ የሚገባውም እዚያ ነው።

ካርታው ከቶ ሊያሳይ የማይችለውም አለ፤ ይህንን መሣሪያውን ለመውቀስ አልጠቅሰውም። መተሐራ አጠገብ ያለው የበሰቃ ሐይቅ ባለፉት አሥርት ዓመታት ስፋቱ እጅግ እየጨመረ መጥቶ ለመንገዱ፣ ለባቡር ሐዲዱና ለእርሻው ሥጋት ሆኗል። አትላሱ ላይ የሐይቁ ዳርም፣ እርሻውም፣ የፈንታሌ እሳተ ገሞራ ያፈሰሰው ጥቁር ድንጋይም በአንድ ዓይነት ቀለም ተሸፍነዋል። ድንጋዩ ላይ የሰሌዳ ድጋፍ በቀላሉ አይተከልም፤ ቁፋሮው ዋጋውን ይለውጠዋል። እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻና በ2025 መጀመሪያ በፈንታሌና በዶፈን አካባቢ በተከታታይ የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ነዋሪዎችን አፈናቅሏል፤ ይህንን ሳይመረምር መሠረት የሚያወጣ መሐንዲስ አይኖርም ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። መሬቱም ብዙ ነው፤ ለአንድ ሜጋዋት ከአንድ እስከ ሁለት ሄክታር ስለሚያስፈልግ ትልቅ ማመንጫ ማለት የአርብቶ አደሮችን የግጦሽ መሬት የሚነካ ውሳኔ ነው፤ ከእነሱ ጋር የሚደረገው ንግግር ደግሞ ከሰሌዳው ግዢ በፊት መጀመር አለበት።

ስለ አጠቃቀሙ ቀላልነት ብዙ መናገር አያስፈልግም። ገጹ በዝግተኛ ኢንተርኔት ላይ ካርታውን ለመጫን ጊዜ ይወስዳል፤ ሪፖርቱ ግን በቀላሉ ይወርዳል። በአማርኛ አለመቅረቡ ለወረዳ ባለሙያዎች እንቅፋት ነው፤ ስለ መሬት የሚወስኑት እነሱ ስለሆኑ ይህ ቢስተካከል ጥሩ ነበር። የስሌቱን የኪሳራ ግምቶች ተጠቃሚው ራሱ እንዲቀይራቸው ቢፈቀድ ከላይ ካነሳኋቸው ቅሬታዎች ግማሹ ይወገዳል።

ለማን ይሆናል ቢባል፣ ለፋብሪካው ጣሪያ ወይም ለግቢው ኃይል የሚያስብ ባለቤት፣ ለተማሪ፣ ለክልል ዕቅድ ባለሙያና ከብዙ ቦታዎች ሁለትና ሦስቱን ለመምረጥ ለሚፈልግ አልሚ ያለምንም ማመንታት እመክረዋለሁ። ቦታው ከተመረጠ በኋላ ግን ሥራው ከአትላሱ ይወጣል። ቢያንስ ለአንድ ዓመት የጨረር መለኪያ በቦታው ላይ ተተክሎ፣ መስታወቱ በየጊዜው እየተወለወለ መረጃ መሰብሰብ አለበት፤ ምክንያቱም የቆሸሸ መለኪያ ፀሐይዋን አሳንሶ ይመዘግባል። ያ መረጃ ከሳተላይቱ የረጅም ጊዜ መዝገብ ጋር ተመሳክሮ አበዳሪዎች በሚቀበሉት እንደ ፒቪሲስት ባለ የሚከፈልበት ሶፍትዌር ውስጥ ይገባል። ከዚያ ጎን ለጎን የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል በአቅራቢያው ባለው ማከፋፈያ ጣቢያ ምን ያህል ኃይል መቀበል እንደሚቻል በጽሑፍ እንዲያሳውቅ መጠየቅ ይገባል። ይህ መልስ ብዙ ጊዜ ስለሚወስድ ጥያቄው የጨረር መለኪያው በተተከለበት ሳምንት ቢላክ ጥሩ ነው።