በዘመን ወይስ በመገኛ ቦታ?

የአዲስ አበባው ብሔራዊ ሙዚየም ቋሚ ዐውደ ርእዩን ቢያድስ ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው ቅርሶችን በዘመን ቅደም ተከተል መደርደር ነው፤ ከአፋር ቅሪተ አካላት ተነሥቶ፣ በአክሱም አልፎ፣ እስከ ነገሥታቱ ዘመን። ለተማሪ ይመቻል፣ አስጎብኚውንም አያስቸግርም።

ሁለተኛው ቅርሱን ከተገኘበት ስፍራ ጋር ማሳየት ነው። እኔ ወደዚህኛው አደላለሁ። አክሱም አጠገብ ባለችው ሐውልቲ በተባለች ስፍራ የተገኘችውን የሴት ሐውልት ቀረብ ብላችሁ እዩአት። እጆቿን ጉልበቶቿ ላይ አሳርፋ ተቀምጣለች፤ የቀሚሷ ሽንሽን ድንጋዩ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። በዘመን ሰልፍ ውስጥ ግን “ቅድመ አክሱም” ለሚለው ጽሑፍ ማስረጃ ከመሆን አታልፍም። እዚያው ሐውልቲ የተገኘው፣ ዋልያዎች የተቀረጹበት የድንጋይ መንበርና የቁፋሮው ንድፍ አጠገቧ ቢሆኑ ጎብኚው ቆሞ ይጠይቃል።

በኅዳር 1967 ዓ.ም. ሐዳር ላይ የተገኘችው ድንቅነሽም እንዲሁ ናት። 3.2 ሚሊዮን ዓመት የሚለው ቁጥር ብቻውን ለልጅ ምን ይነግረዋል? ዛሬ ደረቅ የሆነው ሐዳር ያኔ ውኃና ዛፍ እንደነበረው ማሳየት ይበልጣል።

መገኛቸው በቅጡ ያልተመዘገበ ቅርሶች ግን በዚህ አሠራር ማረፊያ ያጣሉ። እነርሱን በዘመናቸው መደርደር የግድ ነው።