ለጃፓን ቪትዝ የገዛሁት የኤፍ ኤም ኤክስፓንደር፣ ከወራት አገልግሎት በኋላ

ከጃፓን የመጣች ቪትዝ የያዘ ሰው ይህን ያውቀዋል። ሬዲዮውን ትከፍታላችሁ፣ ቁጥሩን ወደ ላይ ትገፋላችሁ፣ 90.0 ላይ ሲደርስ ተመልሶ 76.0 ይላል። ሸገር ያለው 102.1 ላይ፣ ፋና 98.1 ላይ፣ ኤፍ ኤም አዲስ 97.1 ላይ ነው። አንዳቸውም እዚያ መሃል የሉም። ብዙ ሰው ሬዲዮው የተበላሸ ይመስለዋል። ሬዲዮው ጤነኛ ነው፣ የተሠራው ለሌላ አገር ስለሆነ ነው።

ጃፓን ውስጥ ኤፍ ኤም ለረጅም ዘመን ከ76 እስከ 90 ሜጋኸርዝ ብቻ ነበር። ከ90 በላይ ያለውን ቦታ የቴሌቪዥን ቻናሎች ይዘውት ነበር። አናሎግ ቴሌቪዥን በፈረንጆቹ 2011 እና 2012 ሲዘጋ ቦታው ተለቀቀ፤ ከዚያ ወዲህ ሬዲዮ እስከ 95 ድረስ ተፈቀደለት። እኛ ጋ ደግሞ ኤፍ ኤም ከ87.5 እስከ 108 ነው። ክፍተቱ የመጣው ከዚህ ነው።

ያለው መንገድ ሁለት ነው። ወይ ቴፑን አውጥቶ አንድሮይድ ስክሪን ማስገባት፣ ወይ የነበረውን ሳይነኩ ኤክስፓንደር የሚባለውን ሳጥን ከኋላው መግጠም። እኔ ኤክስፓንደሩን መረጥኩ። ምክንያቴ የቴፑ ድምፅ ነው። ስፒከሮቹን በደንብ ይገፋል፣ ቁልፎቹ ሳይታዩ በእጅ ይገኛሉ፣ ፊት ለፊቴ የሚያበራ ስክሪንም አልፈልግም። ከመስከረም ጀምሮ በየቀኑ እየሰማሁበት ነው። ሠፈር ለሠፈርም፣ በፈጣኑ መንገድ አዳማም፣ ደብረ ብርሃንም ይዤው ሄጃለሁ። ስለዚህ ጥሩውንም መጥፎውንም ልናገር እችላለሁ።

ዕቃው ከክብሪት ቀፎ ትንሽ የሚበልጥ ጥቁር ሳጥን ነው። በአንድ በኩል የአንቴናው ገመድ ይገባል፣ በሌላው በኩል ያለው ጫፍ ሬዲዮው ላይ ይሰካል። ሁለት ሽቦ አለው፣ ቀይና ጥቁር። ሶማሌ ተራ አካባቢ የመኪና ኤሌክትሪክ ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች አያጡትም። ዋጋው አንድ ሙሉ ታንክ ቤንዚን ከሚፈጀው ብር በጣም ያንሳል።

ሥራው ቀላል ነው። ከአንቴናው የመጣውን ሁሉ በአንድ ቁጥር ወደ ታች ያወርደዋል። የእኔ 20 ያወርዳል። ስለዚህ ሸገርን 82.1 ላይ፣ ፋናን 78.1 ላይ፣ ኤፍ ኤም አዲስን 77.1 ላይ አገኛቸዋለሁ። ኢትዮ ኤፍ ኤም 107.8 የሚመጣው 87.8 ላይ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ማስላቱ ትንሽ ያስቸግራል። ጣቢያዎቹን ቁልፎቹ ላይ አንዴ ከያዛችኋቸው በኋላ ግን ትረሱታላችሁ።

አሁን ሻጮቹ የማይነግሯችሁን ልንገራችሁ። ያ የሚወርደው ቁጥር ወሳኝ ነው። የእኛ ኤፍ ኤም ስፋቱ ከ20 ሜጋኸርዝ ትንሽ ይበልጣል፣ የጃፓኑ ሬዲዮ መስኮት ግን 14 ብቻ ነው። ሁሉም አይገባም፣ የሚቀር ይኖራል። 20 የሚያወርደው ከ96 እስከ 108 ያለውን ይሰጣችኋል፤ በዚህ ውስጥ አዲስ 96.3፣ ብስራት 101.1፣ አባይ 102.9፣ አፍሮ 105.3 ሁሉ አሉ። አዋሽ 90.7 እና አሐዱ 94.3 ግን ወደ 70.7 እና 74.3 ይወርዳሉ፣ ሬዲዮው ደግሞ እዚያ ድረስ አይሄድም። 14 የሚያወርደውን ብትገዙ ይገለበጣል። አዋሽ 76.7 ላይ፣ አሐዱ 80.3 ላይ፣ ሸገርም 88.1 ላይ ይመጣሉ፣ ከ104 በላይ ያሉት ግን ይቀራሉ። አፍሮን እና ኢትዮ ኤፍ ኤምን አታገኟቸውም ማለት ነው። ስለዚህ ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት የምትሰሟቸውን ጣቢያዎች ጻፉ፣ ከዚያ ሳጥኑ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ቀንሱ፣ ውጤቱ ከ76 እስከ 90 ውስጥ ካልገባ አትግዙ። ሻጩ «ሁሉንም ይይዛል» ቢላችሁም አትግዙ።

አዲስ ዘመን ቴፕ ያላችሁ ዕድለኞች ናችሁ። ቁጥሩን ወደ ላይ ገፍታችሁ እስከ 95 ድረስ ከሄደ 14 የሚያወርደውን ግዙ። ከ90 እስከ 108 ያለው በሙሉ ከ76 እስከ 94 ውስጥ ይገባላችኋል። ከ90 በታች የሚቀረውን ትንሽ ነገር ከፈለጋችሁት በቀር የሚያመልጣችሁ ጣቢያ የለም።

መግጠሙ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም፣ ግን የሚገጥመው ሰው ይለያያል። እኔ የሄድኩበት የኤሌክትሪክ ባለሙያ ሸምገል ያሉ ሰው ናቸው። ሳጥኑን ሳሳያቸው አልተቀበሉኝም። «ልጄ፣ መጀመሪያ አንቴናህን እንየው፤ ሳጥኑ የትም አይሄድም» አሉኝ። ጣሪያው ላይ ያለውን ዘንግ ፈቱት። ጥርሱ አረንጓዴ ሆኗል፣ ታች ያለው ጎማ ተሰንጥቆ የክረምት ውሃ ገብቶበታል። በብርጭቆ ወረቀት ጠረጉት፣ ጎማውን ቀየሩት። ከዚያ ቴስተራቸውን አውጥተው አንዱን ጫፍ ዘንጉ ላይ፣ ሌላውን ገመዱ መጨረሻ ላይ ባለችው መርፌ ላይ አደረጉ። ጮኸ። ከዚያ መርፌውንና የውጩን ቀለበት ለኩ። ዝም አለ። በኋላ እንዳስረዱኝ እንዲህ ነው መሆን ያለበት፤ መርፌውና ቀለበቱ ከተነካኩ አንቴናው ማሳ በልቷል፣ ማለትም ከመኪናው ብረት ጋር ተነካክቷል፣ የትኛውም ሳጥን አያድነውም። ይህ የሚሠራው ማጉያ ለሌለው ተራ አንቴና ነው።

ቀዩን ሽቦ ኤሲሲ ላይ፣ ማለትም ቁልፉ ሲዞር ብቻ ኤሌክትሪክ በሚያገኘው መስመር ላይ፣ እንዲገጥሙላችሁ ጠይቁ። ቋሚው ላይ ከተገጠመ ሳጥኑ ሌሊቱን ሙሉ ይሠራል፣ ባትሪ ትንሽ በትንሹ ይበላል። ጥቁሩ ደግሞ ቀለም በሌለው ብረት ላይ መታሰር አለበት። ከሌላ ሽቦ ጋር ተጠማዞ በናስትሮ የተጠቀለለ ማሳ ለጊዜው ይሠራል፣ በኋላ ግን የሞተሩን ጩኸት ይዞ ይመጣል።

ድምፁስ? ከተማ ውስጥ በጣም ረክቻለሁ። 97.1፣ 98.1 እና 102.1 ልክ እንደ ቤት ሬዲዮ ነው የሚሰሙት። ሜክሲኮና ቦሌ አካባቢ ፎቆቹ መሃል ስትቆሙ ግን መብራት ላይ ድንገት ሽሽሽ ይላል። አንድ ሜትር ወደፊት ስትሉ ይጠራል። ይህ የሳጥኑ ጥፋት አይደለም። የኤፍ ኤም ሞገድ ወደ 3 ሜትር ይረዝማል፤ በቀጥታ የመጣው እና ከመስታወቱ ፎቅ ነጥሮ የመጣው ሞገድ አንድ ቦታ ላይ ይጠፋፋሉ፣ ትንሽ ፈቀቅ ሲሉ ይደጋገፋሉ። የትኛውም መኪና ላይ ያጋጥማል። ገንዘብ አታውጡበት።

ከከተማ ስትወጡ ልዩነቱ ይታያል። ኤፍ ኤም በአመዛኙ ማሰራጫውንና አንቴናውን በሚያገናኘው ቀጥታ መስመር ላይ ነው የሚሄደው፣ ተራራ አያልፍም። በፈጣኑ መንገድ ወደ አዳማ ስትወርዱ ከ2,300 ሜትር ገደማ ወደ 1,600 ገደማ ነው የምትወርዱት። ቢሾፍቱ ድረስ ጥሩ ነው፣ ሞጆ አካባቢ መንቋረር ይጀምራል። ከጎረቤቴ መኪና ጋር አወዳድሬዋለሁ፣ የእሱ ሬዲዮ ፋብሪካው ለአውሮፓ የሠራው ነው፤ የእሱ ትንሽ ርቆ ይይዛል። ሳጥኑ በመሃል ሲገባ ደካማውን ሞገድ ትንሽ ይበላዋል፣ ይህን መካድ አይቻልም። ሥራችሁ ሁልጊዜ ክፍለ ሀገር ከሆነ አስቡበት።

በእነዚህ ወራት ሁለት ችግር ገጥሞኛል።

አንደኛው መሰኪያው መላላቱ ነው። የሠፈሬ መንገድ ኮብልስቶን ነው፣ ቀን ከሌት ይንቀጠቀጣል። ሳጥኑ ዝም ብሎ ከዳሽቦርዱ ኋላ ስለተንጠለጠለ ክብደቱ መሰኪያውን ይጎትተዋል። ምልክቱ ግልጽ ነው፤ ሁሉም ጣቢያ በአንድ ጊዜ ይደክማል፣ ጉድጓድ ስትገቡ ደግሞ ለአፍታ ይጠራል። እንዲህ ካደረገ ችግሩ ጣቢያው አይደለም፣ አየሩም አይደለም፣ የላላ ነገር አለ። ቴፑን በካቻቢቴ አውጥተን ቀለበቱን በፒንሳ ትንሽ ጠበቅ አደረግነው፣ ሳጥኑንም በፕላስቲክ ማሰሪያ ከብረቱ ጋር አሰርነው። ከዚያ በኋላ አልተነቃነቀም። እናንተ ስታስገጥሙ ከመጀመሪያው እንዲታሰር ጠይቁ።

ሁለተኛው የስልክ ቻርጀር ነው፣ ይህን ብዙ ሰው አይጠረጥረውም። ሲጋራ ማቀጣጠያው ላይ የሚሰካው ርካሽ ቻርጀር ውስጡ ያለው ኤሌክትሮኒክስ በጣም በፍጥነት ይበራል ይጠፋል፣ ያም ራሱ እንደ ትንሽ ማሰራጫ ነው። ስልኩን ስሰካ 97.1 ላይ አሸዋ የሚፈስ የሚመስል ድምፅ ይመጣል፣ ስነቅል ይጠፋል። ቻርጀሩን በሌላ ስቀይረው በአብዛኛው ጠፋ። ሬዲዮአችሁ ድንገት ከተበላሸባችሁ መጀመሪያ በቅርብ የጨመራችሁትን ነገር ንቀሉ። ቻርጀር፣ ካሜራ፣ አዲስ የኤልኢዲ አምፖል። አንድ በአንድ ንቀሉና ስሙ። ጩኸቱ ነዳጅ ስትሰጡ ከቀጠነና ከጨመረ ደግሞ ዲናሞውን ወይም ማሳውን አስፈትሹ፤ ክርክር የሚል ከሆነ የካንዴላ ገመድ ይሆናል።

ሌላም አለ። መንገድ ተዘጋግቶ ስትቆሙ የምትሰሙት ዜና ላይ የማታውቁት ዘፈን ከገባ ከጎናችሁ ያለው መኪና ነው። ከስልክ ሙዚቃ በኤፍ ኤም የሚያሰማው ዕቃ ለባለቤቱ ብቻ ሳይሆን ለአጠገቡ ላለውም ይሰማል። ሚኒባሱ ሲሄድ ዘፈኑም ይሄዳል። እናንተም ይህን ዕቃ የምትጠቀሙ ከሆነ ባዶ ቁጥር ምረጡ። 20 በሚያወርድ ሳጥን ዕቃውን 106.5 ላይ ብታደርጉት ሬዲዮው ላይ 86.5 ላይ ታገኙታላችሁ።

አንቴናችሁን የምትፈትኑበት ቀላል ዘዴ አለ፣ ሬዲዮአችሁ የጃፓን ባይሆንም ይሠራል። የጃፓን ከሆነ ግን ያለ ሳጥኑ ጣቢያዎቻችንን ስለማይይዝ ሳጥኑ ከተገጠመ በኋላ ሞክሩት። የአንቴናውን ገመድ ከቴፑ ኋላ፣ ሳጥን ካለ ከሳጥኑ፣ ነቅላችሁ 75 ሴንቲሜትር የሚሆን ተራ ሽቦ ገመዱ ይሰካበት የነበረው መሃል ላይ ባለው ቀዳዳ ክተቱ። 75 የሆነው የሞገዱ አንድ አራተኛ ስለሆነ ነው። መኪና ውስጥ ያለው ሽቦ ጣሪያ ላይ ካለው አንቴና የተሻለ ከያዘ ችግሩ አንቴናው ወይም ገመዱ ነው። ሽቦውም ምንም ካልያዘ ወደ ሬዲዮው ወይም ወደ ሳጥኑ ተመለሱ።

አጫጭር አንቴናዎችንና በማጣበቂያ ብቻ የሚለጠፉ፣ የዓሣ ክንፍ የሚመስሉ ሻርክ አንቴናዎችን በተመለከተ አስተያየቴ ግልጽ ነው። አትግዙ። ያምራሉ፣ አይሰሙም። ሽቦው ውስጥ ድረስ ያልተገናኘ ሻርክ ጌጥ ነው። ስርቆት ፈርታችሁ ወይም ላቫጆ እንዳይሰብሩት ብላችሁ ረጅሙን ዘንግ የምትፈቱ ከሆነ ኪሳችሁ ውስጥ አድርጉት፣ መልሳችሁ ስትገጥሙት ግን እስከ መጨረሻው አጥብቁት።

አንድሮይድ ልግዛ ለምትሉ፦ ስክሪኑን የምትፈልጉት ለካሜራና ለካርታ ከሆነ ግዙ። ለሬዲዮ ብላችሁ ከሆነ ግን ተጠንቀቁ። ከጎረቤቶቼ አንዱ ቀይሮ ከበፊቱ የባሰ ሆነበት። መኪናው ማጉያ ያለው አንቴና ነበረው፣ ማጉያው የሚሠራው በሰማያዊዋ ሽቦ 12 ቮልት ሲደርሰው ነው፣ የገጠመለት ሰው ደግሞ ሽቦዋን አላገናኛትም። ስትገናኝ ተስተካከለ። የሬዲዮው የአገር ምርጫም አውሮፓ ላይ መሆኑን እዩ፤ አሜሪካ ላይ ከሆነ በጎዶሎ ቁጥር የሚያልቁትን ብቻ ነው የሚይዘው፣ 107.8 ያመልጣችኋል። ዘመድ ከአሜሪካ የላከላችሁ መኪና ላይም ይኸው ነው። ከቻይና የመጡት የኤሌክትሪክ መኪናዎች ግን ከ87 አካባቢ እስከ 108 ስለሚሄዱ ኤክስፓንደር አያስፈልጋቸውም።

እኔ ሳጥኑን አላወጣውም። የምሰማቸው ጣቢያዎች ሁሉ ከ96 በላይ ናቸው፣ አብዛኛው መንገዴም አዲስ አበባ ውስጥ ነው። አሐዱን ወይም አዋሽን የምትከታተሉ ከሆነ ግን የእኔን ዓይነት አትግዙ፣ 14 የሚያወርደውን ጠይቁ።