ለሪሞት መኪናና ድሮን፦ ተራ ካውያ ወይስ ሙቀቱ የሚስተካከል?

ባለ 30 ዋቱ ተራ የመበየጃ ካውያ ለሲግናል ሽቦና ለመሳሰሉት ቀጫጭን ነገሮች ይበቃል። ጣጣው የባትሪ ሽቦ ላይ ነው። ወፍራሙ መዳብ ሙቀቱን ይመጠዋል፣ 63/37 ሊድ (63 ከመቶ ቆርቆሮ፣ 37 ከመቶ እርሳስ የሆነው መበየጃ) በ183 ዲግሪ የሚቀልጥ ቢሆንም ኤክስቲ60 የሚባለው የባትሪ ማገናኛ ላይ ተጓጉሎ ይቀራል፣ አሁን ይቀልጣል ብለህ ስትጠብቅ ደግሞ ፕላስቲኩ ይለሰልስና ፒኑ ይንጋደዳል። እኔ ላይ ደርሷል።

ሙቀቱ የሚስተካከለው ባለ 60 ዋት ግን ጫፉ ሲቀዘቅዝ ሙቀቱን ቶሎ ይመልሰዋል። 380 አካባቢ አድርገህ ሰፋ ያለ ጫፍ ግጠምለት፤ ሊዱ በጥቂት ሰከንድ ውኃ ሆኖ በሽቦው ክሮች መሃል ሲሰርግ በዓይንህ ታየዋለህ። ለትንንሽ ቦርድ ዝቅ ታደርገዋለህ፣ አለቀ። ዋጋው ይበልጣል፣ እውነት ነው። እኔ ግን ሳላመነታ እሱን ግዛ እላለሁ፤ በደንብ ያልተበየደ የባትሪ ሽቦ ድሮኑ አየር ላይ እያለ ሊለቅ ይችላል።