የሉአ 5.4 አሎኬተር፦ ሜሞሪውን ለጠሪው የሚያስረክብ ላይብረሪ

ሉአ የተባለውን የስክሪፕት ቋንቋ በሲ ፕሮግራም ውስጥ አስገብቶ የሌላ ሰው ስክሪፕት ማስኬድ ለሚፈልግ፣ ትልቁ ጥያቄ ስክሪፕቱ ሜሞሪውን እንዳይጨርሰው ማድረግ ነው። ሉአ እዚህ ላይ ጎበዝ ነው፤ ከአንድ ወጥመድ በስተቀር።

የሉአን ስቴት (ስክሪፕት የሚሠራበትን አካባቢ) የሚፈጥረው ኒውስቴት (lua_newstate) የሚባለው ፈንክሽን አሎኬተሩን፣ ማለትም ሜሞሪ የሚሰጠውንና የሚለቀውን ፈንክሽን፣ ከጠሪው ይቀበላል። አሎኬተሩ አራት ነገር ይመጣለታል፦ እኛ ለራሳችን ያስያዝነው ፖይንተር (የሜሞሪ አድራሻ)፣ የድሮው ብሎክ (ቀድሞ የተሰጠው የሜሞሪ ቁራጭ)፣ የድሮው መጠን፣ አዲሱ መጠን። አዲሱ 0 ከሆነ ብሎኩን ለቅቆ ነል (ባዶ ፖይንተር) ይመልሳል፤ አለበለዚያ የብሎክን መጠን እንደሚቀይረው የሲ ፈንክሽን እንደ ሪያሎክ (realloc) ይሠራል። የድሮው መጠን አብሮ መምጣቱ ትልቅ ነገር ነው። የዳታ ማመቂያው ላይብረሪ ዚሊብም የጠሪውን አሎኬተር ይቀበላል፣ ሲያስለቅቅ ግን መጠን አይነግርም፤ ኮታ (የተፈቀደውን የሜሞሪ ጣሪያ) የሚቆጥር ሰው በየብሎኩ ፊት መጠኑን ራሱ መጻፍ አለበት። ለሉአ አንድ ቆጣሪ ይበቃል።

ወጥመዱ ይኸው፦ የድሮው ብሎክ ነል ሲሆን ሦስተኛው ቁጥር መጠን አይደለም፣ የሚፈጠረው ነገር ዓይነት ነው። ለስትሪንግ 4፣ ለቴብል 5 ይመጣል። ዝም ብሎ አዲሱን ደምሮ ድሮውን የሚቀንስ ቆጣሪ በእያንዳንዱ አዲስ ስትሪንግ 4 ባይት ያጎድላል፤ ሲለቀቅ ግን ሙሉው ይቀነሳል። ቆጣሪው አሉታዊ ቁጥር የማይዝ ዓይነት ከሆነ ውሎ አድሮ ከ0 በታች ሊወርድና ግዙፍ ቁጥር ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ባዶ ኮታ «ሞልቷል» ይባላል። ብሎኩ ነል ከሆነ የድሮውን መጠን 0 ማድረግ፣ በቃ።

ኮታውን መፈተሽ አዲሱ ከድሮው ሲበልጥ ብቻ ነው፤ እስከ 5.3 ያሉት ስሪቶች ብሎክ ማሳነስ ይከሽፋል ብለው አያስቡም። ኮታው ሲሞላ ነል ይመለስ፣ የድሮው ብሎክ ግን አይነካ። ሉአ ቆሻሻውን ሰብስቦ ደግሞ ይጠይቃል፤ አሁንም ከተከለከለ ስክሪፕቱን የጠራው ፒኮል (ስህተትን ይዞ የሚያስቀር የጥሪ ፈንክሽን፣ lua_pcall) ሜሞሪ አለቀ የሚለውን ኮድ 4 ይመልሳል። ከፒኮል ውጭ ከሆነ መላው ፕሮግራም ይቋረጣል፣ ያውም ያለ አንዳች መልእክት፤ ምክንያቱም በኒውስቴት የተፈጠረ ስቴት ፓኒክ ፈንክሽን (ያልተያዘ ስህተት ሲደርስ የሚጠራ) የለውም። ስለዚህ ይህን ፈንክሽን የሚያስመዘግበውን አትፓኒክን (lua_atpanic) ወዲያው መጥራት ነው። ከሲ በኩል ስትሪንግ መግፋት እንኳ ሜሞሪ ስለሚጠይቅ ዝግጅቱንም ፒኮል ውስጥ ማስገባት ይበጃል።

አሎኬተሩን የሚቀይረውን ሴትአሎክኤፍን (lua_setallocf) መሀል ላይ መጥራት አይመከርም፤ በድሮው አሎኬተር የተያዘውን አዲሱ ይለቅቀዋል። የሲ ሞጁሎች በራሳቸው ማሎክ (ሜሞሪ የሚሰጥ የሲ ፈንክሽን፣ malloc) የያዙትን ደግሞ ኮታው አያየውም።