አይሪሽ ወይስ የስኮትላንድ ጌሊክ? በአንዲት ስም እንለካቸው

ከእነዚህ ከአየርላንድና ከስኮትላንድ ቋንቋዎች የቱን ልማር ለሚል ሰው «ሴት» የምትለው ስም ጥሩ መለኪያ ናት። በአይሪሽ «ብያን»፣ በስኮትላንድ ጌሊክ «ቤን»። ሁለቱም የጥንታዊ አይሪሽ ልጆች ናቸው፤ የግሪኩ «ጊኔ» እና የእንግሊዝኛው «ኲን» (ንግሥት) ደግሞ የሩቅ ዘመዶች።

«ሴቲቱ» ለማለት
አይሪሽ፦ «አን ቭያን»።
ጌሊክ፦ «አ ቬን»።
ስሟ አንስታይ ስለሆነች በሁለቱም «ብ» ወደ «ቭ» ይላላል። እዚህ ላይ እኩል ናቸው።

«የሴቲቱ» እና «ሴቶቹ»
አይሪሽ፦ ሁለቱም «ና ምና»፤ ዐውዱ ይለየዋል።
ጌሊክ፦ «ና ምራ» እና «ና ምራሃን»፤ አያምታታም። በበኩሌ ለጀማሪ ይሄ ይሻላል እላለሁ።

የመሳሳት ዕድል
አየርላንድ ውስጥ መጸዳጃ ቤት በር ላይ «ምና» ሴቶች፣ «ፊር» ወንዶች ማለት ነው። በላቲን ፊደል ሲጻፉ የመጀመሪያ ፊደላቸው (M ለሴቶች፣ F ለወንዶች) ከእንግሊዝኛው ጋር ተገላብጦ ስለሚገጥም፣ ቸኩሎ የገባ እንግዳ ጉድ ይሆናል።

ወጪ
የቋንቋ መማሪያው መተግበሪያ ዱኦሊንጎ ሁለቱንም በነፃ ያስተምራል።

ለማን?
አየርላንድ ውስጥ ጎልዌይ ለሚኖር፣ ወይም ከ2007 ጀምሮ አይሪሽን የሥራ ቋንቋው ባደረገው የአውሮፓ ኅብረት በትርጉም ሥራ መቀጠር ለሚያስብ አይሪሽ። ወደ ስኮትላንዶቹ ስካይ ወይም ሉዊስ ደሴት ለሚሄድ ጌሊክ።