የስኳር መለኪያ ማሽን፣ የላብራቶሪ ምርመራ ወይስ የሦስት ወሩ? የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት ለሚወስዱ

ባሕር ዳር ውስጥ የስኳር መለኪያ ሊገዛ ፋርማሲ የሚገባ ሰው ቀድሞ የሚጠይቀው የማሽኑን ዋጋ ነው። መጠየቅ ያለበት ግን የስትሪፑን፣ ማለትም ደም ጠብ የሚደረግበትን ቁራጭ፣ ዋጋ ነው። ማሽኑ አንዴ ይገዛል፤ ስትሪፑ ኪስ የሚያራቁተው በየጊዜው ነው።

ከዚያ በፊት ግን ማሽኑ ያስፈልጋል ወይ? ስኳር እንዳለበት ገና ላልተነገረው ሰው አያስፈልግም። ዶሉቴግራቪር ያለበትን ቲኤልዲ፣ ሦስት የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒቶችን በአንድ የያዘውን ክኒን፣ የሚወስዱ ብዙዎች ክብደት ይጨምራሉ፤ ኢንሱሊን እንደ ወትሮው መሥራት አቅቶት ስኳራቸው የሚወጣም አሉ። ለዚህ ክትትል የሚበቃው በጾም የሚሰጥ የላብራቶሪ ደም ነው፦ መድኃኒቱ ሲጀመር ወይም ሲቀየር፣ ከዚያ ከ3 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ፣ ደህና ከሆነ ደግሞ በየዓመቱ። ቢያንስ 8 ሰዓት ከውኃ በቀር ምንም አይቀመስም፤ ቡናም ከምርመራው በኋላ ይደርሳል። ውጤቱ በዴሲሊትር ከ100 ሚሊግራም በታች ከሆነ ደህና ነው፣ ከ100 እስከ 125 ማስጠንቀቂያ ነው፣ 126 እና ከዚያ በላይ ሆኖ በድጋሚ ምርመራ ከጸና ስኳር በሽታ ነው። የላብራቶሪው ድክመት መዘግየት ነው። የተቀዳው ደም ፈሳሹ ከሴሎቹ ሳይለይ ጠረጴዛ ላይ ከቆየ ሴሎቹ ስኳሩን ይበሉታል፣ በሰዓት ከ5 እስከ 7 በመቶ ያህል ይወርዳል፤ በሙቀት ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ ደሙ እዚያው የሚሠራበትን ቦታ መምረጥ ይሻላል።

ያለፉትን ሦስት ወራት አማካይ ስኳር የሚያሳየው የሦስት ወሩ ምርመራ፣ ኤችቢኤዋንሲ የሚባለው፣ ጾም ስለማይጠይቅ ይወደዳል። 6.5 በመቶና ከዚያ በላይ ስኳር ነው ይባላል። ኤችአይቪ በደሙ ላለ ሰው ግን ይህን ብቻ አምኖ መቀመጥ አንመክርም፤ ከእውነተኛው ስኳር ዝቅ አድርጎ ሊያሳይ ይችላል። በተለይ ዚዶቩዲን የተባለው የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት ቀይ የደም ሴሎችን ስለሚያገዝፍ ውጤቱ ያሳስታል። 5.9 አይቶ የተደሰተ ሰው በጾም ሲለካ 130 ሊያገኝ ይችላል።

ማሽን መግዛት የሚገባው ስኳር እንዳለበት ለታወቀ፣ ከሁሉም በላይ ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የተባለውን ስኳር የሚያወርድ ክኒን ለሚወስድ ነው። በዐቢይ ጾም እስከ ከሰዓት ሳይበላ የሚቆይ ሰው እጁ ሲንቀጠቀጥና ሲያልበው ወዲያው መለካት አለበት፤ ከ70 በታች ከሆነ ጾሙን አፍርሶ ስኳር ያለው ነገር ይውሰድ።

ስትሪፑን ሲገዙ ሒሳቡን እንዲህ ይሥሩ። ብልቃጡ ላይ ከተከፈተ 90 ቀን ያገለግላል የሚል ካለና በሳምንት ሁለት ጊዜ ብቻ የሚለኩ ከሆነ፣ 26 ያህሉን ተጠቅመው ከ50ው 24ቱን ይጥላሉ። ባለ 25ቱ ይሻልዎታል። አብዛኞቹ ከ30 ዲግሪ በታች ይቀመጡ ስለሚሉ በሚያዝያ ሙቀት ቆርቆሮ ቤት ውስጥ መስኮት ላይ የተቀመጠ ብልቃጥ አይታመንም። ክዳኑ ወዲያው ይገጠም፤ እርጥበት ያበላሸዋል። ማሽኑ 7 ነው ካለ አይደንግጡ፤ በሚሊሞል እያነበበ ነው፣ በ18 ያባዙት፣ 126 ይመጣል። ሲገዙ በሚሊግራም የሚያነበውን ይምረጡ።

ከማሽኑ ብልሽት ይልቅ የሚያሳስተው ጣት ነው። ማንጎ ልጦ እጁን በውኃና በሳሙና ሳይታጠብ የለካ ሰው 250 ቢያይ የማንጎውን ስኳር ነው ያነበበው። ደም ማነስ ያለበትም ሰው ብዙ ማሽኖች ላይ ከእውነቱ ከፍ ያለ ቁጥር ያገኛል።

ከሦስቱ ሁሉ የሚረክሰው፣ የሚረሳውም፣ የልብስ ስፌት ሜትር ነው። የወገብ ዙሪያ ከታችኛው የጎድን አጥንትና ከዳሌ አጥንት ጫፍ መካከል፣ አየር ቀስ ብሎ ከወጣ በኋላ ይለካል። ለሴት 80፣ ለወንድ 94 ሴንቲሜትር ሲያልፍ ላብራቶሪ የሚኬድበት ጊዜ ነው። ሚዛን ብቻ ግን ያታልላል፤ ቀድሞ ስታቩዲን የተባለውን የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት ወይም ዚዶቩዲን የወሰደ ሰው ከእጅና ከእግሩ ስብ ጠፍቶ ሆዱ ሲሰፋ ኪሎው ላይለወጥ ይችላል።

ስኳር ወጣ ብሎ ቲኤልዲን በራስ ማቋረጥ አይገባም። ሐኪም የስኳር መድኃኒቱን ሜትፎርሚን ሲያዝ ዶሉቴግራቪር መውሰድዎን ይንገሩት፤ ዶሉቴግራቪር ሜትፎርሚንን በደም ውስጥ ስለሚያበዛው በቀን ከ1000 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ይደረጋል። የጣት መውጊያውንም መርፌውንም ከማንም ጋር አይጋሩ። ያገለገለው መርፌ ክዳን ባለው ጠንካራ የፕላስቲክ ዕቃ ተጠራቅሞ መድኃኒት ለመውሰድ በሚሄዱበት ቀን ለጤና ተቋሙ ይሰጣል።